የራፋኤል ንድፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ብል የበላው ነው?

አይደለም፣ ብል አልነካውም። ለንደን ባለው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል «የባላባቱ ሕልም» ንድፍ ላይ ያየሃቸው ቀዳዳዎች ሆን ተብለው በመርፌ የተወጉ ናቸው። ብል መስመር ጠብቆ አይበላም።

ሥራው ቀላል ነው። የተወጋውን ወረቀት የሚሣልበት እንጨት ላይ ያነጥፉታል። ከዚያ የከሰል ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ ይዘው በላዩ ላይ ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ይወርዳል። ወረቀቱ ሲነሳ እንጨቱ ላይ የነጠብጣብ መስመር ይቀራል፤ ሠዓሊው እሱን ተከትሎ ይሥላል። የንድፉና የሥዕሉ ምስል መጠን እኩል የሆነው ለዚህ ነው። ሥዕሉ በ1504 አካባቢ የተሠራ ሲሆን ከስንዝር አይበልጥም። በዚያች ቦታ ያን ሁሉ ቀዳዳ መውጋት እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሌላ ንድፍ ላይ ቀዳዳ ስታይ ቶሎ «መርፌ ነው» አትበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ብረት ያለበት የድሮ ቀለም ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ይበላዋል፤ እሱም መስመሩን ተከትሎ ነው የሚበሳው። የመርፌው ቀዳዳ ክብና ተቀራራቢ ርቀት ያለው ነው። ቀለም የበላው ግን ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ዙሪያውም የጠየመ ይሆናል። የንድፉን ፎቶ አጉልተህ የቀዳዳውን ጠርዝ እይ።