ሸሚዙን የት ቀየረ?

ጤና ይስጥልኝ። ትዕግስቴ አልቆ ነው የምጽፍልዎ። ወንድሜ ሚስቱን ደብድበሃል ተብሎ ተፈረደበት። ይግባኝ ብለናል። የማይገባኝ፣ የአንድ ሰው ቃል እንዴት ከሦስት ሰው ቃል ይበልጣል? እናቴ፣ አጎቴና የአጎቴ ልጅ «ማክሰኞ ማታ እኛ ዘንድ ነበር» ብለው መሰከሩ። ሚስቱ ግን ለፖሊስ ሰኞ ብላ፣ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ማክሰኞ አለች። ቀኑን እንኳን በቅጡ አታውቅም! ዳኛው ግን «ጥቃቅን ልዩነት ነው» ብለው አለፉት። ቀን ጥቃቅን ነው? የሰው ዕድሜ እኮ ነው!

ደግሞ እውነትም እኛ ቤት ነበር። መሃል ላይ አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ተመለሰ፤ እሱ እንኳን ምንም አይደለም። አሁን እናቴ ለይግባኙ «ከቤት ንቅንቅ አላለም» ብዬ እንድፈርም እያለቀሰች ትለምነኛለች። ልፈርም?

እህቱ ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ሸሚዙን የት ቀየረ?

እናንተ ቤት ልብስ አለው? ወይስ ልብሱ ያለው ሚስቱ ያለችበት ቤት ነው? «ምንም አይደለም» ያልሽው ነገር ጉዳዩ ራሱ ነው። «ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚል መከላከያ የሚያድነው ሰዓቱን ሙሉ ሲሸፍን ነው። የአንድ ሰዓት ቀዳዳ ካለው ሦስት ምስክር ቀርቶ ሠላሳም አይደፍነውም።

ስለ ቀኑ ግማሽ እውነት አለሽ። ተከሳሹ «አልነበርኩም» ሲል ቀን ዋጋ አለው። ግን የተደበደበ ሰው ቀን መቁጠሪያ አያይም። ዳኛ የሚመዝነው ማን መታት፣ የትና እንዴት የሚለው ዋናው ነገር ጸንቶ መቆየቱን ነው። ቃሏ ከታመነ ደግሞ በብዙ አገር የአንድ ምስክር ቃል ይበቃል። የቤት ውስጥ ዱላ ሌላ ሰው የት ያየዋል? በዚያ ላይ አንቺም ሸሚዙን ያየሽው ማክሰኞ ነው።

ይግባኝ ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ያነባል እንጂ ምስክር እንደ አዲስ አይሰማም። ምስክሮቹን ዓይን ለዓይን ያየው የሥር ፍርድ ቤት ስለሆነ «እሷን አመንኩ» ያለውን በቀላሉ አይነካም። የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃ ዘልሎ ከሆነ፣ ወይም ዓቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበትን «አንተው አስረዳ» ብሎ ወንድምሽ ላይ ጥሎበት ከሆነ ግን ሊሽረው ይችላል። ጠበቃችሁ እዚያ ላይ ይልፋ። አዲስ ምስክር ይዞ ቢሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «እስከዛሬ የት ነበርሽ?» ነው። ምን ልትመልሺ ነው?

አትፈርሚ። ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ባይሆንም አትፈርሚ እልሽ ነበር። የእናት እንባ ከባድ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ለእናትሽ ግን ስለ ሸሚዙ ንገሪያት፤ ምናልባት እሷም አይታዋለች።

ስለ ወንድምሽ ሚስት የነገርሽኝ ቀን መሳቷን ብቻ ነው። ለመሆኑ እሷ እንዴት ናት?