«ኅብረቱ ወሰነ» ወይስ «አገሮቹ ተስማሙ»?

ጥያቄ፦ የዜና አርታኢ ነኝ። አንድ ባልደረባዬ «የአውሮፓ ፌዴራል መንግሥት በሩሲያ ላይ አዲስ ማዕቀብ ለመጣል ተስማማ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «የአውሮፓ አገሮች ተስማሙ» ብላ አረመችው። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ የእሷ ይሻላል፤ ግን የእሷም ትንሽ መታረም አለበት።

መጀመሪያ «ፌዴራል መንግሥት» የሚለውን እናውጣው። ጀርመን ፌዴሬሽን ናት። በዓለም ፊት የምትቆመው እንደ አንድ አገር ነው፤ ባቫሪያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የራሷ ወንበር የላትም። የአውሮፓ ኅብረት ግን 27 ሉዓላዊ አገሮች በውል ያቆሙት ነው። የራሱ ጦር የለውም። አባል «ልውጣ» ካለም ይወጣል፤ ብሪታኒያ በ2020 ወጥታለች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉ ለእነሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ1991 ኅብረቱን ያቋቋመው የማስትሪክት ውል ሲረቀቅ «ፌዴራላዊ ግብ» የሚል ሐረግ ገብቶ ነበር። ብሪታኒያ አጥብቃ ስለተቃወመች ተሰረዘ። እነሱ ከውላቸው የሰረዙትን ቃል እኛ በዜና መልሰን ማስገባት የለብንም።

«ፌዴራላዊ ባሕርይ አለው» ብትሉ ግን አልቃወምም። የጋራው ፍርድ ቤት በ1964 የጋራው ሕግ ከአባል አገሮች ሕግ በላይ ነው ብሎ ፈርዷል። ተራ የአገሮች ማኅበር እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። «ኮንፌዴሬሽን» (የላላ የአገሮች ማኅበር) የሚለውም ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው። «ኅብረት» ይበቃል።

አሁን ወደ ግሡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ተስማማ» ቢያንስ ሁለት ወገን ይፈልጋል። «ኅብረቱ ተስማማ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ አንባቢ «ከማን ጋር?» ይላል። «ኅብረቱ ከጃፓን ጋር በንግድ ተስማማ» ግን ንጹሕ አማርኛ ነው፤ እውነትም ነው። የንግድ ፖሊሲ ለኅብረቱ የተሰጠ ሥልጣን ስለሆነ፣ ከሌላ አገር ጋር የሚደራደረው እሱ ራሱ ነው።

የውጭ ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ማዕቀብ ለመጣል የሁሉም አባላት ድምፅ ያስፈልጋል። አንዷ «አይሆንም» ካለች ይቆማል። ይህ የመንግሥታት ትብብር ነው። ስለዚህ ግሡ ብዙ ቁጥር ይሁን፤ «አባል አገሮቹ ተስማሙ» በሉ። (እግረ መንገዴን፣ «የመንግሥት ትብብር» ብሎ መጻፍ ሌላ ትርጉም ያመጣል። አንድ መንግሥት ለአንድ ሰው ያደረገውን እገዛ ይመስላል። «መንግሥታት» መሆን አለበት። «በይነ መንግሥታት» የሚለውም ትክክል ነው፤ በኢጋድ ስም ውስጥ ለምደነዋል። ለዜና ግን ከበድ ይላል።)

በመካከል ያለ ጉዳይም አለ። ብዙ ሕጎች የሚጸድቁት በአብላጫ ድምፅ ነው። በአገሮቹ ምክር ቤት ከ27ቱ ቢያንስ 15 አባላት፣ ከኅብረቱ ሕዝብም 65 በመቶውን የሚወክሉ ሆነው መደገፍ አለባቸው። እዚህ የተሸነፈችው አገርም ሕጉን ትቀበላለች። እንዲህ ሲሆን «አገሮቹ ተስማሙ» ማለት ስሕተት ነው። የተቃወመችውን አገር ያልሰጠችውን ቃል ማሸከም ይሆናል፤ ለእሷም ለአንባቢም አይገባም። «ኅብረቱ ሕጉን አጸደቀ» በሉ።

የባልደረባሽ ዓረፍተ ነገር እንግዲህ «የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በሩሲያ ላይ አዲስ ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ» ይሁን። «አባል» የሚለውን እንዳትተዉት። ስዊዘርላንድና ኖርዌይም የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ የኅብረቱ አባላት ግን አይደሉም። ስምምነቱ በሕግ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ «ኅብረቱ ማዕቀብ ጣለ» ማለት ትችላላችሁ፤ ሕጉ የሚወጣው በኅብረቱ ስም ነውና።