ጥያቄና መልስ፦ የማይኒንግ ማሽን የሚበላውን ኃይል እንዴት እንቀንስ?

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የማይኒንግ ማሽን፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ (ኮይን) ለማግኘት ቀን ከሌሊት የሚያሰላ ኮምፒውተር፣ መጠገንና ማስተካከል ነው። ስለ ቺፕ፣ ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ጠይቁኝ። ስለ ኮይን ዋጋ አልመልስም። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ቁጥር ስታመጡ ከሶኬቱ ላይ በዋት መለኪያ የተለካ ይሁን። ማሽኑ በገጹ ላይ የሚያሳየው ዋት ብዙ ጊዜ ግምት ነው።

ጀማሪ፦ ማሽኔ መብራት በጣም ይበላል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የትኛው ማሽን? ስንት ዋት? ስንት ቴራሀሽ (በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ሀሽ፣ ማለትም ስሌት)? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

የሌሊት ማይነር፦ ጋሼ፣ ኤስ19 ፕሮ የሚባለው የቢትኮይን ማሽን አለኝ። ቮልቴጅ መቀነስ የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

መላሽ፦ ይሠራል! ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት መሞከር ያለብህም እሱን ነው። ቺፕ የሚበላው ኃይል ፍሪኩዌንሲው (ቺፑ የሚሠራበት ፍጥነት) በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል። ቮልቴጁ ሲጨምር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። እንግዲህ ፍሪኩዌንሲውንም ቮልቴጁንም 10 በመቶ አወረድክ እንበል። 0.9ን ሦስት ጊዜ አባዛው፤ 0.729 ይመጣል። ቺፖቹ የሚበሉት በ27 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ያጣኸው ሀሽ ግን 10 በመቶ ብቻ ነው። ለአንድ ቴራሀሽ የሚወጣው ጁል (የኃይል መለኪያ) 19 በመቶ ቀነሰልህ፤ ምንም ሳትገዛ።

ኤስ19 ፕሮ ከፋብሪካ ሲወጣ 110 ቴራሀሽ በ3,250 ዋት ነው፤ ለአንድ ቴራሀሽ 29.5 ጁል። ፋብሪካው ቮልቴጁን የሚያስቀምጠው ደካማው ቺፕ እንኳ ሳይንገዳገድ እንዲሠራ አስቦ ነው። ያንተ ቺፖች ከዚያ የተሻሉ ከሆኑ ትርፉን ቮልቴጅ በከንቱ እያቃጠልክ ነው።

አሠራሩ ይኸውልህ። መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲውን አውርድ። ከዚያ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ። በየእርምጃው ሙቀቱ እስኪረጋ ታገሥና ቺፖቹ የሚሠሩትን የስሌት ስህተት ቁጥር እይ። ስህተት መጨመር ሲጀምር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስ። ሦስቱ ሀሽቦርዶች (ቺፖቹ ያሉባቸው ሰሌዳዎች) እኩል አይደሉም፤ አንዱ ቀድሞ ይደክማል። ሁሉንም በእሱ አትፍረድ። እንደ ብሬንስ ኦኤስ ያሉ ፈርምዌሮች (ማሽኑን የሚያዙ ፕሮግራሞች) ይህን ማስተካከል በራሳቸው ይሠሩታል። ፈርምዌር ግን ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርድ። በቴሌግራም የሚዞር ፋይል ሀሽህን ወደ ሌላ ሰው ዋሌት (የኮይን ቦርሳ) የሚያዞር ሊሆን ይችላል። ዋስትናህንም ቀድመህ አንብብ። ስትጨርስ ከሶኬቱ ለካ።

ቁጥር ወዳድ፦ 10 በመቶ ሀሽ መተው እኮ 10 በመቶ ገቢ መተው ነው። ምኑ ነው ጥቅሙ?

መላሽ፦ ለመብራት የምትከፍለው ከገቢህ ትንሹን ከወሰደ ልክ ነህ፤ አታውርድ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ከወሰደ ግን ከተውከው ገቢ ያዳንከው ይበልጣል። በራስህ ታሪፍ አስላው።

አቧራ ጠራጊ፦ ፋን ላይ ማዳን ይቻላል?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፋን የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኪዩብ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብታወርጂው የሚበላው ግማሽ ገደማ ይሆናል። ፋኑ የሚጮኸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ከፊት ስለሚገባ ነው። በማሽኑ ፊትና ኋላ መካከል ያለውን ክፍተት በሰሌዳ ዝጊው። ቺፕ ሲግል በራሱ ተጨማሪ ኃይል ስለሚያፈስ ማቀዝቀዙ ሁለት ጊዜ ይጠቅምሻል። አቧራ ስታጸጂ ኤሌክትሪኩን ንቀይ።

ፈሳሽ ሞካሪ፦ ዘይት ውስጥ መንከርስ?

መላሽ፦ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚነከረው፤ ያገኙትን ዘይት አይደለም። ፋኖቹ ይወጣሉ፣ የእነሱ ፍጆታ ይቀራል። በምትኩ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ይገባል። ያየሁት ችግር ሌላ ነው። ሰው ከነከረ በኋላ ማሽኑ ስለማይግል ፍሪኩዌንሲውን ይሰቅለዋል። ያኔ ፍጆታው ከበፊቱ በላይ ይሄዳል። ለመቀነስ ከሆነ የምትነክረው፣ ነክረህ አውርድ። የፓምፑንም ዋት ጨምረህ ከሶኬቱ ለካ።

ሁለተኛ ጀማሪ፦ ይቅርታ፣ ማሽኔ ብዙ መብራት እየበላብኝ ነው፤ መፍትሔ ካላችሁ?

መላሽ፦ ከላይ ተጠይቋል። ሞዴል፣ ዋት፣ ቴራሀሽ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ አለኝ፦ ሁላችንም አዲስና ቆጣቢ ማሽን ብንገዛ ቢትኮይን በጠቅላላው የሚበላው ኃይል ይቀንሳል?

መላሽ፦ አይቀንስም። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፤ በየቦታው የሚሳተው ይኼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤስ9 ለአንድ ቴራሀሽ 98 ጁል ገደማ ይበላ ነበር። ኤስ21 17.5 ጁል ነው የሚፈጀው። ከአምስት እጥፍ በላይ ተሻሽሏል። የኔትወርኩ ፍጆታ ግን በአምስት እጥፍ አልወረደም። ምክንያቱም ኔትወርኩ በየ2,016 ብሎኩ (ብሎክ የግብይቶች ጥቅል ነው)፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የስሌቱን ክብደት ያስተካክላል። ሀሽ ሲበዛ ሥራው ይከብዳል፤ አንድ ብሎክ በ10 ደቂቃ ገደማ እንዲወጣ። ስለዚህ ማሽኑ ቆጣቢ ሲሆን ማይነሩ በዚያው ገንዘብ ብዙ ማሽን ይሰካል።

የጠቅላላ ፍጆታውን ጣሪያ የሚወስነው ብሎክ ላወጣ ማይነር የሚሰጠው ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024ቱ ሃልቪንግ (ሽልማቱ በግማሽ ከተቀነሰበት ጊዜ) ወዲህ ለአንድ ብሎክ 3.125 ቢትኮይን ነው። በቀን 144 ብሎክ ገደማ ይወጣል፤ 450 ቢትኮይን። እሱና የግብይት ክፍያው ተደምሮ ማይነሮች ሳይከስሩ ለኤሌክትሪክና ለማሽን ሊያወጡ የሚችሉት ነው። ሽልማቱ በግማሽ ሲቀንስ ጣሪያው ይወርዳል፤ ዋጋ ሲጨምር ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ ጥያቄያችሁን ለዩ፦ ለአንድ ቴራሀሽ የሚወጣው ጁል ነው? የራሳችሁ የመብራት ክፍያ ነው? ወይስ የዓለሙ ድምር? ቮልቴጅ ማውረድ የሚቀንሰው የፊተኞቹን ሁለቱን ነው። ሦስተኛውን አይነካም።

አረንጓዴ፦ ታዲያ መፍትሔው ግልጽ አይደለም እንዴ? ኢቴሪየም የሚባለው ሌላ ኔትወርክ ያደረገውን ማድረግ! እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ወደ ስቴኪንግ (በማሽን ስሌት ፈንታ ኮይን አስይዞ ግብይት ማረጋገጥ) ሲዞር ፍጆታው በ99.95 በመቶ ወረደ።

ቁጥር ወዳድ፦ ስቴኪንግ ማለት ገንዘብ ያለው ይወስን ማለት ነው። ለአንድ ቫሊዴተር (ግብይት አረጋጋጭ) ቢያንስ 32 ኢተር (የኢቴሪየም ኮይን) ያስፈልጋል። ማነው ያለው?

አረንጓዴ፦ አንድ መጋዘን ማሽን ማነው ያለው? እዚያም ገንዘብ እዚህም ገንዘብ። እንዲያውም አንድ የቢትኮይን ግብይት የሚፈጀው መብራት አንድን ቤት ለሳምንታት ያበራል ይባላል።

ቁጥር ወዳድ፦ እሱ የውሸት ሒሳብ ነው! ብሎኩ ባዶ ቢሆንም ፍጆታው ያው ነው።

መላሽ፦ ኧረ ቀስ። ሁለታችሁም ከፊል ልክ ናችሁ። የ99.95ቱ ቁጥር የኢቴሪየም ፋውንዴሽን ግምት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። የዓለሙን ድምር በእርግጥ የሚቀንሰው እንዲህ ያለው የአሠራር ለውጥ ነው። ቢትኮይን ግን ኖድ (የኔትወርኩን ሕግ የሚያስጠብቅ ኮምፒውተር) የሚያስኬዱት ካልተስማሙ አይለወጥም፤ ምልክቱንም አላየሁም። የግብይቱን በተመለከተ ቁጥር ወዳድ ትክክል ነው። ኃይሉ የሚወጣው ለብሎኩ ነው፤ ፍጆታውን በግብይት ማካፈል ግብይት ቢቀነስ መብራት የሚድን ያስመስለዋል። አይድንም። ክርክሩን እዚህ ላይ እንተወው፤ ስለ ማሽን የጠየቁ እየጠበቁ ነው።

ብርዳም፦ በሙቀቱ ቤት ማሞቅ ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል። የሚገባው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በፊንላንድ ከከተማ ማሞቂያ መስመር ጋር ያገናኙት አሉ። ድሮ በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትሞቂ ከነበር ያተረፍሽው ሀሹን ነው። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ ስቦ የሚያስገባ ማሞቂያ) ካለሽ ግን አትለውጪው፤ እሱ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ገደማ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስገባል። ደግሞ 3,000 ዋት ቀን ከሌሊት የሚጎትት ዕቃ በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰካም። ሽቦውንና ብሬከሩን ባለሙያ ይይልሽ።

መሐንዲስ፦ በነዳጅ ጉድጓድ ላይ በሚቃጠለው ጋዝ ስለሚሠሩት ምን ትላለህ?

መላሽ፦ ሚቴኑ በደንብ ሳይቃጠል ወደ አየር ከሚሄድ ጄኔሬተር ውስጥ ቢነድ ይሻላል። ፍጆታ መቀነስ ግን አይደለም።

ዲስክ ሰብሳቢ፦ ቺያ የሚባለው ኮይንስ?

መላሽ፦ በዲስክ ቦታ ስለሚሠራ መብራቱ ያንሳል። ሲያዘጋጁት ግን ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ይጨርሳል። የኔ ዘርፍ አይደለም።

ጀማሪ፦ ተመለስኩ። ኤስ9 ነው፤ 13.5 ቴራሀሽ። ማሽኑ 1,300 ዋት ይላል።

መላሽ፦ ማሽኑ ይላል አልክ። ከሶኬቱስ? ለማንኛውም ኤስ9 ቮልቴጁ ወርዶም አዲሶቹ አጠገብ አይደርስም። ሙቀቱን የምትጠቀምበት ከሆነ አቆየው። ካልሆነ አጥፋው።

ላይትኮይን፦ እኔ ላይትኮይን ነው ማይን የማደርገው። ዶጅኮይንን ልጨምር ብል ሌላ ማሽን ያስፈልገኛል?

መላሽ፦ አያስፈልግህም። ሁለቱም ስክሪፕት የሚባለውን የስሌት ዘዴ ነው የሚጠቀሙት፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዶጅኮይን በአንድ ሥራ አብሮ ይመረታል። ተጨማሪ ዋት አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ፑልህ (ማይነሮች አብረው ሠርተው ሽልማቱን የሚካፈሉበት ቡድን) ሁለቱንም እንደሚከፍል አረጋግጥ፤ አንዳንዱ ዶጁን ለራሱ ያስቀራል።