60 ሺህ ጊዜ ታይቶ 31 ዶላር ለምን? ስለ ድረ ገጽ ማስታወቂያ ገቢ ጥያቄና መልስ

ከማስታወቂያ ስለሚገኝ የድረ ገጽ ገቢ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ለዓመታት የሠራሁት በጉግል አድሴንስ (ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ እያስቀመጠ ለባለቤቶቹ በሚከፍለው የጉግል አገልግሎት) ስለሆነ የምመልሰው በእርሱ መነሻነት ነው።

የምግብ አሠራር ድረ ገጼ በወር 60,000 ጊዜ ይታያል፤ ያገኘሁት ግን 31 ዶላር ነው። ጓደኛዬ በ20,000 ዕይታ 90 ዶላር አገኘ። ስሌቱ ተሳስቶ ይሆን?

አልተሳሳተም። ገቢዎን ለዕይታው ብዛት ያካፍሉና በሺህ ያባዙት። የእርስዎ አንድ ሺህ ዕይታ ግማሽ ዶላር ገደማ፣ የጓደኛዎ ደግሞ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም አውጥቷል። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጨረታ ይካሄዳል፤ አስተዋዋቂዎች የሚጫረቱት ያንን አንድ አንባቢ ለማግኘት ነው። ዋሽንግተን ላለ አንባቢ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ሱቁም ይሻማል። ባሕር ዳር ላለው ግን ተጫራቹ ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል። የባሕር ዳሩ አንባቢ በዚህ ሚዛን መለካቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ገበያው ግን እንደዚህ ነው የሚሠራው። ርዕሰ ጉዳዩም ለውጥ ያመጣል፤ ስለ ብድር የተጻፈ ገጽ ብዙውን ጊዜ ስለ ሽሮ ከተጻፈው የበለጠ ገቢ ያስገኛል።

ስለዚህ ዕይታውን ለማብዛት ከመሮጥዎ በፊት ገቢዎ ከየትኛው አገር እንደሚመጣ በሪፖርቱ ይመልከቱ። ውጭ አገር ያለ ሰው የራሱ ጥያቄ አለው፦ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ አልቦካ ይለዋል፣ አብሲቱን መቼ እንደሚጥል ይቸገራል፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ ይለዋል። ይህን በደንብ አብራርተው ቢጽፉለት እርሱም ይጠቀማል፣ የሺህ ዕይታ ዋጋዎም ከፍ ሊል ይችላል።

አንዱን ጽሑፍ አምስት ገጽ ላይ ብከፋፍለው ገቢዬ አምስት እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የዕይታው ቁጥር ለሁለት ሳምንት ያህል አደገ፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመልሰው የሚመጡት አንባቢዎች ሳሱ። በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ገጽ የሚከፍተው በገንዘቡ ነው፤ አንድን የዶሮ ወጥ አሠራር አምስት ጊዜ ማስከፈት በደል መስሎ ስለታየኝ ወደ ቀድሞው መለስኩት።

ዘመዶቼ ገጹን እየደጋገሙ ቢከፍቱልኝና ማስታወቂያውን ቢጫኑልኝስ?

በፍጹም አያድርጉት! የራስን ማስታወቂያ መጫንም ክልክል ነው። ጉግል እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ይለያል፤ ገንዘቡን ይቀንሳል፣ ሒሳቡንም ሊዘጋ ይችላል። ደግሞም ያ ገንዘብ የሚወጣው ዕቃውን በሐቅ ለመሸጥ ከሚፈልግ ነጋዴ ኪስ ነው።

ማንም ማስታወቂያውን ካልተጫነ ዕይታው ብቻውን ገቢ ያስገኛል?

አዎ። ቀድሞ አድሴንስ በዋናነት የሚከፍለው ሰው ማስታወቂያውን ሲጫን ነበር፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ግን ማስታወቂያው በመታየቱ ወደ መክፈል ተሸጋግሯል። አስተዋዋቂው ከሚያወጣው ላይ ማስታወቂያውን የሚገዛለት ድርጅት ድርሻውን ካነሳ በኋላ፣ ከቀሪው 80 በመቶው የድረ ገጹ ባለቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገጹ ታየ ማለት ማስታወቂያው ታየ ማለት አይደለም። በሙያው መለኪያ አንድ ማስታወቂያ ታይቷል የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ስፋቱ ለአንድ ሰከንድ ማያ ገጹ ላይ ሲቆይ ነው። አንባቢው ሳይደርስበት የሚቀር፣ ከገጹ ግርጌ የተቀመጠ ማስታወቂያ አስተዋዋቂዎች የሚያቀርቡትን ዋጋ ያወርዳል። ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች በኋላ አንድ ያስቀምጡ፤ ገጹን የሚያዘገይ ክምር ግን አይደርድሩ።

ዕይታው ሳይቀንስ በጃንዋሪ ገቢዬ ለምን ወረደ?

ኩባንያዎች በፈረንጆች ገና ገበያ ሰሞን የዓመቱን በጀታቸውን አሟጠው ያወጣሉ፤ በአዲሱ ዓመት መባቻ ይቆጥባሉ። ጃንዋሪን ካለፈው ጃንዋሪ ጋር እንጂ ከዲሴምበር ጋር አያነጻጽሩት።

14 ዶላር ተጠራቅሞልኛል። ገንዘቡ አልመጣም፤ ኮድ በፖስታ ይላካል የሚል መልእክት ግን አየሁ።

ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻዎን ለማረጋገጥ ኮድ የያዘ ደብዳቤ ይላካል። የፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን በትክክል መሙላትዎን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደብዳቤው የሚያገኝዎት በእርሱ ነው። ክፍያው የሚፈጸመው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ እስከዚያው ያለው ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።