ስቱኮ አታባክኚ፣ የአያትሽ ቡፌ ታስሮ ነው

አራት ኪሎ የምትኖር አንዲት አንባቢ እንዲህ ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት የዋንዛ ቡፌ አለኝ። ዕድሜው ከእናቴ ይበልጣል። ፒያሳ ከነበረው ጭቃ ቤት አውጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም ካስገባነው ሁለት ዓመት ሆነው። አናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሁለቴ በስቱኮ ሞላሁት፣ ሁለቴም ተፈርፍሮ ወደቀ። ጥር ላይ ሳንቲም ያስገባል፣ ነሐሴ ላይ ጥፍር አያስገባም። መሳቢያዎቹም ክረምት ሲገባ አልከፈት ይላሉ። ተማሪ እያለሁ ሥዕል እወድ ነበር። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ እርሳስ ጨብጬ አላውቅም። አሁን ይህን ቡፌ በገዛ እጄ አድሼ ቀለም ልቀባው አስቤያለሁ። ስንጥቁን በምን ልሙላው? የትኛው ቀለምስ ይሻላል?»

እህቴ፣ ቀለሙ ይቆይ። መሳቢያዎቹን አውጪና ባትሪ ይዘሽ የአናቱን ሆድ ከሥር እዪው። ቡፌሽን አላየሁትም፣ ግን ልወራረድ፦ ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ እንጨቶች ታገኛለሽ። የጣውላውን መስመር አቋርጠው በምስማር ተመትተዋል። ኮላም ሳይፈስባቸው አልቀረም። ቀለማቸው ከቡፌው አይመሳሰልም። ባህር ዛፍ ወይም ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ናቸው።

ይህን የነገረኝ ስንጥቁ ነው። ጥር ከፍቶ ነሐሴ የሚዘጋ ስንጥቅ የእንጨት በሽታ አይደለም። ብል ቢሆን ኖሮ ትንንሽ ቀዳዳና ዱቄት ታይ ነበር። ማጣበቂያው ብቻ የለቀቀ መጋጠሚያ ቢሆን ደግሞ ከወር ወር ይህን ያህል አይለዋወጥም ነበር። ይሄኛው ይተነፍሳል። እየተነፈሰ ከተሰነጠቀ አንቆ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልንዛዛ። ልጆቼ «ጀመረህ ደግሞ» የሚሉኝ ወሬ ይሄ ነው። መሶብ ሲሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰፊዋ ሣሩ እንዲለሰልስላት ውሃ ታስነካዋለች። ውሃ የጠጣ ሣር ወፈር ይላል እንጂ አይረዝምም። እንጨት ማለት እንደዚያ ያለ ሣር በሺህ እየታሰረ የተደረደረ ነው። ያ በርዝመቱ የምታዪው መስመር የሣሮቹ አቅጣጫ ነው። እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ በወርዱ ይሸሻል። በርዝመቱ ግን ንቅንቅ አይልም ብትዪ ይቀላል። አንድ ጣውላ ገና ከዛፉ ተሰንጥቆ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ በወርዱ ከመቶ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በርዝመቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከደረቀ በኋላም ነገሩ አያበቃም። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ውሃ ነው፣ ጥርና የካቲት ከንፈር ይሰነጥቃል። 45 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የቡፌ አናት በእነዚህ ወራት መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ዋንዛ በዚህ ረገድ ጨዋ እንጨት ነው፣ ሆኖም እሱም ይሄዳል። አሁን አግዳሚውን አስቢው። የሱ ርዝመት ከጣውላው ወርድ ጋር ተሻግሮ ተኝቷል። አግዳሚው በርዝመቱ አይሸሽም፣ ጣውላው በወርዱ ሊሸሽ ይፈልጋል። ሁለቱ በምስማር ተጋብተዋል። ጣውላው መሄጃ ሲያጣ ደካማ ቦታውን ፈልጎ ይተረተራል። ቫርኒሽ ያድነው ይሆን እንዳትዪኝ። ቫርኒሽ እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጭቃ ቤቱ ውስጥ አየሩም ቀዝቃዛና እርጥብ ስለነበር ነገሩ ተሸፍኖ ቆይቷል። ኮንዶሚኒየም ግን ደረቅ ነው፤ ቡፌው መስኮት ሥር ፀሐይ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ባሰ። እስቲ ከመስኮቱ አርቂው።

ስቱኮሽ የወደቀበት ምክንያትም ይኸው ነው። ነሐሴ ላይ ጨመቀው፣ ጥር ላይ ለቀቀው። ሦስተኛ ጊዜም ይወድቃል።

ወደ ሥራው እንግባ። ምስማሮቹን በጉጠት ቀስ እያልሽ ንቀዪ። ጉጠቱ ሥር ስስ ጣውላ አድርጊ፣ ቡፌውን እንዳይወጋው። ኮላ ካለው አግዳሚውን በመሮ ከዳር እየፈለጥሽ አንሺ እንጂ በመዶሻ አትገንጥዪው። ከዚያ አናቱን ከሳጥኑ አላቅቀሽ የስንጥቁን ስቱኮ በቀጭን ቢላ ጠርገሽ አውጪ። ሁለት ሞርሳ (ማጥበቂያ ብረት) አስገቢና ቀስ አድርገሽ አጥብቂ። በልዝቡ ከተዘጋ ነጭ ኮላ አስገብተሽ አንድ ቀን እንደታሰረ ተዪው። ጉልበት ከጠየቀ አትታገዪው። ከዋንዛ ቀጭን ስንጥር ላጊ፣ መስመሩ ከጣውላው ጋር አንድ ይሁን፣ ኮላ ቀብተሽ ስንጥቁ ውስጥ ሸጉጪው፣ ሲደርቅ በመላጊያ አስተካክዪው።

አናቱን ከሳጥኑ ጋር መልሰሽ ስታስሪ በምስማር ሳይሆን በብሎን ይሁን። መሐል ያለው ብሎን ይጥበቅ። ከፊትና ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ወደ ጣውላው ወርድ አቅጣጫ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተሞርደው ሞላላ ይሁኑ። ብሎኑ ይዞት ጣውላው ግን ይንሸራተታል። በቃ፣ የመተንፈሻው ቦታ ይኸው ነው።

ብሎን ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ። አሁን ገበያውን የሞላው ጭንቅላቱ እንደ ቅቤ ነው። ካቻቢቴ ሁለቴ ሲዞርበት ይላጥና እዚያው ይቀርልሻል። ማጠፊያውም እንደዚሁ፣ የቆርቆሮ ወረቀት ነው፤ በሩን ስድስት ወር አይሸከምም። የድሮውን የነሐስ ማጠፊያ እንዳትጥዪው። ከጎደለሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደሽ ፈልጊ፣ ትዕግሥት ካለሽ ከአዲሱ የሚሻል አሮጌ ታገኛለሽ። ያንን አግዳሚ ኋላ የመታውን ሰው ግን አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። የአያትሽ አናጢ ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ሥራ ሠርቶ፣ እሱ በሩብ ሰዓት አበላሸው።

መሳቢያዎቹን አሁን አትላጊያቸው። በክረምት የላግሽው መሳቢያ በበጋ ይንገዳገዳል። የሚንሸራተቱበትን ቦታ በሻማ እሺው፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሮጌውን ቫርኒሽ ማንሳት ከፈለግሽ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ሞክሪው። ከተጣበቀና ከለሰለሰ የድሮ ቅብ ነው፣ በአልኮል ይነሳል። ካልነካው ቲነር ሞክሪ። ቲነር ስል ግን ስሚኝ፦ ቲነር በተከፈተበት ክፍል ከሰል አይግባ። ቡና አይፈላ፣ ዕጣን አይጨስ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ እሳቱን እሱ ያገኘዋል። መስኮት ከፍቼያለሁ ማለትም ዋስትና አይሆንሽም። ባልደረባዬ ባንኮኒው ላይ ቡርሽ ሲያጥብ ምድጃው በሩ ጋ ነበር፤ ቅንድቡ እስኪበቅል ወራት ፈጀ። መብራት ሲሄድም ሻማ እንዳትለኩሺ፣ ሥራውን አቁመሽ ውጪ።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ 120 ከዚያ 180 ከዚያ 240፣ ሁሌም በመስመሩ አቅጣጫ። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ድሮ የተቀባ ቀለም ካለበት ደግሞ አቧራው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትሞርጂው።

አሁን ቀለም። እኔን ከጠየቅሽኝ ዋንዛ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ሽሮ ላይ ስኳር መነስነስ ነው። ቀለም ለኤምዲኤፍና ለችፑድ፣ ለተጨመቀው የፋብሪካ ጣውላ ይሁን፣ እነሱ የሚያሳዩት መልክ የላቸውም። ቡፌው ግን ያንቺ ነው፣ እጅሽም ሥራ ናፍቋል። ስለዚህ ውጩን ተዪውና ውስጡን ውሰጂው። የኋላውን ኮምፔርሳቶ፣ የመሳቢያዎቹን ጎን፣ የበሮቹን ጀርባ። በሩ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አስቢ። የአያትሽ ነጠላ ካለ ጥለቱን አይተሽ እዚያ ላይ ሣዪው።

ስንጥቁንም መደበቅ አይጠበቅብሽም። ቢራቢሮ የመሰለች፣ ወገቧ የቀጠነ ማሰሪያ ከጽድ ወይም ከወይራ ቅረጪ፤ ሁለት ወይም ሦስት ብታደርጊ ይበቃል። የጣውላውን ውፍረት ሲሶ ያህል ጥልቀት በመሮ ቆፍረሽ ስንጥቁን አሻግረሽ ቅበሪያት። የማሰሪያዋ መስመር ከክንፍ ወደ ክንፍ ይሂድ፣ አለዚያ ወገቧ ላይ ትሰበራለች። አጭር ስለሆነች ጣውላውን አታንቀውም። ቅርጿን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሣዪ፤ አንድ ሁለት ሳይሆን ሃያ ሠላሳ። እርሳስ ካልጨበጥኩ ቆየሁ ብለሽኝ የለ? እኔ የቀረጽኳቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መምህሬ ያስተማረኝን ነው የምደግመው። ያንቺ እንደኔ ባይሆኑ ደስታውን አልችለውም።

የሆዱን ፎቶ ላኪልኝ፣ ቀለም ሳትገዢ። አግዳሚ ከሌለው ተሸንፌያለሁ፣ ቡናው በእኔ ነው። ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ እናድርገው።