ከልጆች ጋር በሸራ ጀልባ ለምትወጪው እህቴ፦ ከባሕሩ ይልቅ ወደ የብስ ስትወርዱ ተጠንቀቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ይዘሽ፣ ጠረፉን እየተከተላችሁ ለአንድ ሳምንት በሸራ ጀልባ ልትሄዱ ነው። በየቀኑም ወደ የብስ እየወረዳችሁ አካባቢውን ልታዩ አስባችኋል። «ምን ልዘጋጅ?» ብለሻል። እኔም የእህቴንና የወንድሜን ልጆች ይዤ ለ8 ቀን ልክ እንዲሁ ሄጃለሁ። የልጆቹ ቁጥር እንኳ አንድ ነው። ስለ ሸራ አያያዝ አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። የደረሰብኝን ብቻ ልንገርሽ።

1. ባሕር የሚያማቸው ልጆች። መድኃኒቱን ሳትነሱ አስቀድመሽ ስጫቸው። ማስታወክ ከጀመሩ በኋላ ብዙም አይረዳም። ያመመውን ልጅ ወደ ታችኛው ክፍል አትላኪው፣ ይብስበታል። መሪውን አስይዢውና አድማሱን እያየ ይንዳ። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፊቷ አመድ መሰለ። መሪውን ሰጠኋት። 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እሷ ነዳችን። እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ።

2. መልህቅ። ሰንሰለቱን የምትለኪው አሁን ባለው ጥልቀት ሳይሆን ውሃው ሞልቶ በሚደርስበት ጥልቀት ነው። ከዚያ ቢያንስ አምስት እጥፍ ልቀቂ። ንፋስ ካለ ጨምሪበት።

3. የውሃው መሙላትና መጉደል። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ አጠገብ መልህቅ ጣልን። ሁላችንም በጎማ ጀልባዋ ወደ የብስ ወረድን። ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በዚያ ሰሞን ውሃው ከሌላው ጊዜ አብልጦ ይሞላል፣ አብልጦም ይጎድላል። የዚያን ቀን ልዩነቱ 4 ሜትር ነበር። ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አይቼ ነበር። ሙላቱ ጫፍ ደርሷል፣ ከአሁን በኋላ ይሸሻል ብዬ የጎማ ጀልባዋን ጥቂት እርምጃ ብቻ ጎትተን ተውናት።

ሰንጠረዡ ግን የታተመው በመደበኛው ሰዓት ነበር። በበጋ የእጅ ሰዓትን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፉበት አገር፣ በዚያ ወቅት ሰንጠረዡ ላይ ባለው ሰዓት አንድ ሰዓት መደመር አለብሽ። እኔ አልደመርኩም። ስለዚህ ውሃው ለመሙላት ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። በመጨረሻው ሰዓት የሚጨምረው ከጠቅላላው 12 እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ለእኛ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ዳርቻው ለጥ ያለ ሲሆን ግን 33 ሳንቲ ሜትር ውሃ አሥር ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ተራመድን፣ ዛጎል ለቀምን፣ ተመለስን። ጀልባዋ የለችም። ንፋሱ ወደ ባሕር እየገፋት ሩቅ ትታየን ነበር።

ትልቁ የወንድሜ ልጅ ሸሚዙን አወለቀና «አጎቴ፣ ዋኝቼ አመጣታለሁ» አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ደግሞ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ያው ነው። ተቆጣኝ፣ አለቀሰ፣ እኔ ግን አልለቀቅኩትም። በዚያ ጉዞ በትክክል የሠራሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የእጅ ሬዲዮው ሸራ ጀልባው ላይ ቀርቷል። ሊመሽ ሲል አንድ ዓሣ አጥማጅ አየንና ወሰደን። የጎማ ጀልባዋና ሞተሯ ጠፍተው ቀሩ። አከራዩ ያስያዝኩትን ገንዘብ በሙሉ ወሰደው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ሸራ ጀልባው ላይ ይቅር። ሬዲዮው ከእናንተ ጋር ይውረድ። ጀልባዋን ደግሞ ውሃው ጥሎት ከሄደው የደረቀ አረም መስመር በላይ አውጥታችሁ በረጅም ገመድ እሰሯት። በሬዲዮው ላይ የአደጋ ጥሪ የሚደረግበትን ቻናል 16ን እያንዳንዱ ልጅ ይወቀው፤ ትንሹም ጭምር። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ። የእኔዎቹ ከዚያ ቀን በኋላ በቃላቸው ይሉታል።

4. ወረቀት። ከአንድ አገር ወደ ሌላ ከተሻገራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለቱም ወላጆች የፈረሙበትና የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዢ። እኛ የገባንበት ወደብ ያለው ሹም የልጆቹ የቤተሰብ ስም ከእኔ ጋር እንደማይመሳሰል አየና በልጆቹ ፊት ጮኸብኝ። «የማን ልጆች ናቸው?» ይለኛል፣ እንደ ሌባ። ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ በሩ ላይ አልተለጠፈም። አራት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠን። ትንሿ ልጅ ተርባ እያለቀሰች ቀና ብሎ አላያትም። ልጆቹን መጠየቁ ተገቢ ነው፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። ያንገበገበኝ አነጋገሩ ነው። ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ጀልባ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚሰቅለውን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለሽ ፈቃድ እስክታገኚ ድረስ ማንም ልጅ መሬት እንዳይረግጥ። የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝርም አራት አምስት ቅጂ አድርጊው፣ በየቢሮው አንድ ይወስዱብሻል።

የፈቃድ ደብዳቤው አጻጻፍ ካስቸገረሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ በኋላ ያዘጋጀሁትን ናሙና እልክልሻለሁ።