የገልባጭ አይሱዙ የሞተር ዘይት በስንት ኪሎሜትር ይቀየር?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ያገለገለ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ገልባጭ ገዝተሃል። ከቱሉ ዲምቱና ከዱከም አካባቢ ጠጠርና ሬድ አሽ ጭነህ ወደ ከተማ ታስገባለህ። የጋራዡ ሰውዬ «በየ3,000 ቀይር» አለህ። የሸጠልህ ሰው «እኔ በ10,000 ነበር የምቀይረው» አለህ። ሹፌርህ ደግሞ «ሲጠቁር እነግርሃለሁ» ብሎሃል። ማንን ልስማ ነው ያልከው።

ሹፌሩን በዚህ ጉዳይ አትስማው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ተቀይሮ አንድ ቀን ሳይሞላው ይጠቁራል። ጥላሸቱን ከሞተሩ አጥቦ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ቢጠቁር አይገርምም። ችግሩ የሚይዘው ጥላሸት ልክ አለው። ልኩን ሲያልፍ ደግሞ በዓይን አይለይም። የ1,000 ኪሎሜትር ዘይትና የ12,000 ኪሎሜትር ዘይት ጣትህ ላይ ብታየው ሁለቱም ያው ጥቁር ነው።

የቀሩት ሁለቱ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ኪሎሜትር ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። ዘይቱን የሚጨርሰው ሞተሩ የሠራበት ሰዓትና የተሸከመው ጭነት ነው። ሎደርና ኤክስካቫተር የሚያሠሩ ሰዎችን ጠይቃቸው። እነሱ ዘይት የሚቀይሩት በሰዓት ነው፣ የተለመደው ቁጥር ደግሞ 250 ሰዓት ነው። እስቲ ይህን ቁጥር ወደ መኪና እናምጣው። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ መኪና በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ቢሄድ፣ በ250 ሰዓት 10,000 ኪሎሜትር ይሞላል። ያንተ መኪና ግን ካባ (ድንጋይ ማውጫው) ላይ ሞተሩ እየሠራ ወረፋ ይጠብቃል። ሲገለብጥም ሞተሩ እየሠራ ነው። ለጭነት መኪና ከተማ መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት እስኪደርስ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ሹፌሩም አያጠፋውም። ቃሊቲ ሲደርስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። አማካዩ በሰዓት 20 ቢሆን 250 ሰዓቱ 5,000 ኪሎሜትር ላይ ያልቃል። 15 ከሆነ 3,750 ላይ። የሸጠልህ ሰው ረጅም መስመር ይሠራበት ከነበረ አልዋሸህም። ጋራዡም ትንሽ አጠበቀው እንጂ ከእውነት አልራቀም።

ስለዚህ የራስህን አማካይ እወቅ። ቀላል ነው። ለአንድ ሳምንት ረዳቱ ደብተር ይያዝና ሞተሩ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት ይጻፍ። ለምሳ ጠፍቶ ከሆነ ያንንም ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ የሄደበትን ኪሎሜትር ለሰዓቱ አካፍለው። የሚመጣውን ቁጥር በ250 አባዛው። እኔ የማምነው ይህን ነው። ረዳቱ ሲሰለቸው ከኋላ እየገመተ እንዳይሞላው ግን አልፎ አልፎ ብቅ ብለህ እይ።

ይህ ከመመሪያ መጽሐፍ ጋር አይጋጭም። የመኪናው መጽሐፍ እጅህ ከገባ የጥገና ሰንጠረዡን ፈልግ። ከመደበኛው በተጨማሪ ለከባድ አጠቃቀም የተለየ ክፍል አለው። አቧራ፣ ዳገት፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ አጭር ምልልስ፣ ቆሞ ብዙ መሥራት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚሰጠው ኪሎሜትር ብዙ ጊዜ የመደበኛው ግማሽ ገደማ ነው። ጠጠር የሚያመላልስ ገልባጭ ደግሞ ከዝርዝሩ አንድም አይቀረው።

በተለይ አቧራው። ከካባ እስከ አስፋልት ያለውን ፒስታ በበጋ ታውቀዋለህ፤ ከፊትህ ያለው መኪና አይታይም። ያ አቧራ ዱቄት የሆነ ድንጋይ ነው። ሞተር ውስጥ ከገባ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ካናውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) ይፈጫል። የሚገባው ደግሞ በዘይቱ በኩል ሳይሆን ሞተሩ በሚስበው አየር በኩል ነው። የአየር ፊልትሮው ቤት በደንብ ካልተዘጋ፣ ወይም ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ከተሰነጠቀ፣ ዘይት በየሳምንቱ ብትቀይርም አያድንህም። ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር እየነፉ ዓመት የሚጠቀሙበት አሉ። ኃይለኛ አየር ወረቀቱን ይበሳዋል፣ ቀዳዳው ደግሞ በዓይን አይታይም። መብራት ከውስጥ አስገብተህ በጨለማ እየው፤ ነጥብ ብርሃን ካየህ ጣለው።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ዳገት ላይ በሙሉ ጭነት ናፍጣውን ጨርሶ አያቃጥለውም። ጭሱ ይጠቁራል፣ ከጥላሸቱ የተወሰነው በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝም ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል። ዘይቱ አሲዱን የሚያጠፋ ነገር ተጨምሮበት ነው የሚመረተው፤ ያ ነገር ካለቀ በኋላ ብረቱ ይበላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ አትጣል፤ ቅደደው። ጋራዦች ጊዜ የለንም ይሉሃል፣ አንተ ግን ጠይቅ። ላሜራውን ከአፉ በታች ዙሪያውን በመቁረጫ ይቆርጡታል። በመጋዝ እንዳይቆርጡት፣ የመጋዙ ብናኝ ገብቶ ያሳስትሃል። ውስጡ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት አለ። እሱን በቢላ ቆርጠህ አውጣና ዘይቱን ጨምቀህ ፀሐይ ላይ ዘርጋው። እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ግለጥ። ለስላሳ ጥቁር ጥላሸት ብቻ ከሆነ ደህና ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካየህ ማግኔት አስጠጋበት። ከተያዘ ብረት ነው፤ ከካና፣ ከፋሻ ወይም ከኮሎው (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) ሊሆን ይችላል። ካልተያዘና ነጭ ከሆነ ከፒስተን ወይም ከብሮንዚን (ኮሎው ከሚዞርበት ስስ ሽፋን) ሊመጣ ይችላል። የመዳብ መልክ ካለው ግን የብሮንዚኑ ላይኛ ሽፋን አልቆ ታችኛው ጋ ደርሷል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ መኪናውን አቁመህ ባለሙያ አሳይ፤ «ይህችን ዙር ልጨርስ» አትበል። ብሮንዚን ቀድሞ መቀየርና ኮሎ መግዛት በዋጋ አይገናኙም።

የዘይት መለኪያውን ማየት የጠዋት ሥራ ይሁን፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ዘይት መቀነሱን ነው። መጨመሩ ግን የባሰ ነው። ሳትጨምር ከፍ ካለ ናፍጣ ወይም ውሃ እየገባበት ነው። አሽትተው። ናፍጣ ናፍጣ ካለና ከቀጠነ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አስመርምር። ወተት የገባበት መልክ ካለው ውሃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ካለው ማሸጊያ) ይመጣል። በሁለቱም ጉዳይ ዘይት መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ሌላው፣ የጎደለውን መሙላት እንደ መቀየር አይቆጠር። «በየጊዜው እጨምርበታለሁ፣ ምን ይቀየራል» የሚሉ ሹፌሮች አሉ። አሮጌው ጥላሸት እዚያው ነው ያለው።

የዘይት ዓይነትን በተመለከተ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር 15ደብልዩ-40 (ይህ የውፍረቱ ቁጥር ነው) የናፍጣ ዘይት የተለመደ ነው። ጀሪካኑ ላይ የኤፒአይ (API) የጥራት ደረጃውን እይ። በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው፤ ሲኤፍ-4፣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4 እያለ ሲሄድ የኋለኛው ጥላሸት በመያዝ ይሻላል። በ«ኤስ» ብቻ የተጻፈው የቤንዚን ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ክዳኑ የተነካካ ጀሪካን አትግዛ። ባዶ ጀሪካን ሰብስበው መልሰው የሚሞሉ አሉ። ስለዚህ ባዶውን ስትጥል አንተም ቀድደህ ጣለው።

አሁን አንተ ምን ታድርግ? መኪናውን ገና ስለገዛኸው የድሮውን ታሪክ ተወው። የሻጩን ቃል አምነህ ኪሎሜትር አትቁጠር። ነገውኑ ሞተሩ እንደሞቀ ዘይቱን አስወጣ፣ በደንብ እስኪንጠባጠብ ታገስ፣ ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር። የመጀመሪያውን ዙር በ2,500 ገደማ ቀይረው፤ አሮጌው ቆሻሻ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ እንጨምርበት ቢሉህ ለአሮጌ ሞተር አልመክርም። ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ ተላቆ የዘይት መምጠጫውን ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰዓትህን እስክትቆጥር ድረስ 4,000 ላይ ያዝ። አማካይህ 20 ከመጣ ወደ 5,000 ውጣ። አንተ ባልከው ሥራ ከ5,000 በላይ እኔ አልሄድም። 3,000 ላይ ብትቀይርም ሞተሩን አይጎዳውም። ግን በሚተርፈው ገንዘብ ጥሩ ፊልትሮ ብትገዛ ይሻልሃል።

ኪሎሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ፣ እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራምና፣ አስጠግነው። እስከዚያው በደብተሩ ሰዓት ሂድ። በቀን 10 ሰዓት ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ 25 የሥራ ቀን ማለት ነው፣ ወር ገደማ። ቀኑን በወረቀት ጽፈህ መስታወቱ ጥግ ላይ ለጥፈው፣ ሹፌር ቢቀየርም አዲሱ ያየዋል።

የወጣውን አሮጌ ዘይት ወንዝ ዳር እንዳያፈስሱት ንገራቸው። አቃቂ ወንዝ ላይ አትክልት የሚያለማው ገበሬ የሚያጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

ፊልትሮውን ስትቀድ የወረቀቱን ፎቶ በፀሐይ ብርሃን አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። ከማግኔቱ ጋር ይሁን። የሞተሩን ቁጥርም ጻፍበት፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አብረን እናያለን።